አማቴ ጥቁር፣ እኔ ቀይ

ዛሬ ጠዋት ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥሬ ቡና እየለቀምኩ ነበር። ድንጋዩን ወደዚህ፣ ነቀዝ የበላውን ወደዚያ። አንቺ የልጅ ልጄ ከሓወልቲ ሰፈር ያንን የሚያብረቀርቅ ከረጢት ተሸክመሽ መጣሽና «ዓባየ፣ ከእንግዲህ አትልቀሚ፣ አትቁዪ፤ ይኸው ተቆልቶ ታሽጎ መጥቷል» አልሽኝ። ሦስት ዓይነት ነው አልሽ፤ ፈካ ያለ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ። የትኛው ይሻልሻል ብለሽ ሳልመልስልሽ ጥቁሩን በመቀስ ከፈትሽው።

ሽታው ወጣ። የተቃጠለ ስኳር የመሰለ፣ ከሥሩ ጭስ ያለበት፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ። ሰፌዱን መሬት አስቀመጥኩትና «ደብተር አምጪ፣ ጻፊልኝ» አልኩሽ። ስትጽፊ ደግሞ መልሰሽ እያነበብሽልኝ፤ ያላልኩትን እንዳትጨምሪ። የተማረ ሰው አሳምራለሁ ሲል ይጨምራል፣ አውቃችኋለሁ።

እኔ የጠቆረ ቡና አላምንም። ያኔም አላምንም ነበር። ቀይ የተቆላ ቡና ራቁቱን ነው፤ የቆየ ከሆነ ቆይቻለሁ ይልሻል፣ እርጥበት ካገኘው ሻጋታው አፍሽ ላይ ይመጣል፣ ጥሩ ከሆነ ደግሞ እንደ ሎሚ ምላስሽን ጫፉን ቆንጠጥ ያደርግሻል። ጥቁሩ ሁሉንም አንድ ያደርጋል። የሐረሩም፣ የጅማውም፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከርሞ የወጣውም፣ እሳቱ ከበዛ አንድ ምሬት ነው። ገብስ ቢገባበት፣ ሽምብራ ቢገባበት ማን ያውቃል? እናቴ ወሎ እያለን እንዲህ ስትል ነው ያደግኩት። መቀሌ ስመጣም ይህንን ጥርጣሬ ከሙሽርነት ልብሴ ጋር ጠቅልዬ ነው የመጣሁት።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። አያትሽ ያኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ወልዲያ ላይ አየኝ፣ ሽማግሌ ላከ፣ አገባኝ። እናቱ፣ አማቴ ማለት ነው፣ እዚሁ ሰሜን በሚባለው ሰፈር ከውቅሮ መንገድ ገባ ብሎ ግቢ ነበራቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቡና ቆልተው ለሻይ ቤትና ለጎረቤት የሚሸጡ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት። ቋንቋቸው ትግርኛ ነው፤ እኔም «አደይ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደ ማለት። ለኔ ብለው አማርኛ ይናገራሉ፤ ሲናደዱ ግን ወደ ትግርኛው ይመለሳሉ። ስለዚህ መናደዳቸውን ቶሎ አውቃለሁ፤ ምን እንዳናደዳቸው ነው የማላውቀው።

የሚቆሉት ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው። ከበርሜል ክዳን የተቀጠቀጠ ሰፊ ምጣድ ነበራቸው፣ መቅዘፊያ የሚያህል ማማሰያ። እና ጥቁር ነበር የሚቆሉት። ዘይቱ ወጥቶ ፍሬው እንደ ጥንዚዛ ጀርባ እስኪያብለጨልጭ። ጭሱ ግቢውን ይሞላል፣ የታጠበ ልብስ ላይ ይቀመጣል። እኔ በልቤ «ምን ሊደብቁ ነው?» እል ነበር። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የጥሬውን ማዳበሪያ ፈትቼ አሸተትኩት። ደህና ቡና ነው። ገብስ ፈለግኩ፣ በየእንስራው፣ በየጆንያው። የለም። ማጣቴ ደግሞ ባሰብኝ፤ «የት አባታቸው ነው የሚያስቀምጡት?» አልኩ። አትሳቂ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ስታጪ ይፋፋል።

ከዚያ ወገባቸውን አመማቸው። «በሊ ጓለይ፣ ዛሬ አንቺ ቁዪ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ለጎረቤት የሚሸጠውን ነበር የሰጡኝ። እኔም እንደ እናቴ ቀይ ቆላሁት። ፍንዳታው አልቆ ዝም ሲል አወረድኩት፤ መልኩ የቀረፋና የለውዝ መሃል፣ ደረቅ፣ ዘይት የሌለው። ለምን ቀላ ብለው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ስለ መልኩ አንድም ነገር አላሉም። እጃቸውን ሰፌዱ ውስጥ ከተው አሻሹት። ጣሳቸውን አመጡ።

የጣሳውን ነገር ልንገርሽ። ቤት ውስጥ ሚዛን የለም። ጥሬውን በዱቄት ወተት ጣሳ ይሰፍሩና በመዳፋቸው አፉን ጠርገው ያስተካክሉታል። ሲቆላም ያንኑ መልሰው ይሰፍሩታል። ቡና እሳት ሲነካው ያብጣል አይደል? ጣሳው ይሞላና ትርፍ ይኖረዋል። ትርፉን በኩባያ ሰፍረው ለቤት መጠጫ ያስቀምጡታል። ከአንድ ጣሳ ጥሬ ትርፉ አንድ ኩባያ ሙሉ መሆን አለበት፤ ሕጋቸው ነው። የዚያን ቀን ጣሳው ሞላ፣ ኩባያው ግን ግማሽ ላይ ቀረ።

«ሌላውስ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም አደይ፣ ይኸው ነው።»

«የለም?» ኩባያውን ነቅነቅ አድርገው አዳመጡት። «እሺ። እሳቱ በልቶት ይሆናላ።»

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። ከዚያ ወዲያ እኔ በቆላሁ ቁጥር ኩባያው ጎዶሎ ሆነ። ነገሩ ለኔም ግራ ገባኝ። እንዲያውም ልንገርሽ፣ እሳቸው ራሳቸው እየቀነሱ በኔ ሊያሳብቡ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

በዚያ ላይ እናትሽ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ለማንም አልተናገርኩም፤ በኛ አገር የመጀመሪያ እርግዝና ቶሎ አይወራም። ለባሌም አፍሬ ነበር። ጭሱ ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል፤ ቡናውን አወርድና በጓሮ በር ሮጬ ወጥቼ ከግንቡ ሥር አስመልሳለሁ። አፌን ተጉመጥምጬ ምንም እንዳልሆነ ሰው እመለሳለሁ። ያ በር ደግሞ ዝገት የበላው ነው፣ ሲጢጥ ይላል። በሩ ሲጮህ አማቴ ባሉበት ቀጥ ይላሉ። «ወዴት ነበርሽ?» «ውሃ ልደፋ።» ሌላ ቀን፣ «ወዴት ነበርሽ?» «እንዲሁ ነፋስ ልቀበል።» ውሸቴ ራሱ አይጣጣምም።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤት ነበረችን፤ እንደኔው ወጣት ናት፣ ነገር ስታይ እግሯ መሬት አይነካም። እሷ ነች መጥታ «አደይ፣ ምራትዎ ጓሮ በር ላይ ከአንድ ወሎዬ ነጋዴ ጋር ስታወራ አይቻታለሁ፣ ዘመዷ ነው እንዴ?» ያለቻቸው። እውነት ነው፣ አውርቻለሁ። ጨርቅ በትከሻው የሚያዞር፣ ከኛ ወገን የመጣ እስላም ነበር። ዝናብ ጥሏል ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩት። ያገሬን አነጋገር ስሰማ እግሬ አልሄድ አለኝ። አማቴ ግን ኩባያውንና በሩን፣ በሩንና ነጋዴውን ገጣጠሟቸው። ከዚያ በኋላ ስቆላ ዱካ አምጥተው አጠገቤ ይቀመጡ ጀመር። ምጣዱን አይደለም የሚያዩት፤ ፊታቸውን ወደኔ ነው የሚያዞሩት።

«አሁን መልኩ ምን ሆነ?» ይሉኛል።

«ቀላ አደይ።»

«ቀይ ነው ትያለሽ?»

«አዎ፣ ይኸው!»

አፍንጫቸው ሥር ያለውን ምጣድ እኔን ምን ያስጠይቃቸዋል? ወጥመድ ነው አልኩ፤ ሳወራ ሊይዙኝ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ከጓሮ ስመለስ ግንቡን በእጃቸው እየዳበሱ፣ ኮቴያቸውን አጥፍተው ሲመጡ አገኘኋቸው። «ይኸው፣ ሊሰልሉኝ» አልኩ። እሳቸው እኔን ሲጠብቁ፣ እኔ እሳቸውን ስጠብቅ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተፈራርተን ከረምን።

በመጨረሻ አያትሽ ከመንገድ ሲገባ አማቴ ነገሩት። ቤት ዘግተው ነው፣ ግን በዚያ ቀጭን በር ምን ይደበቃል። በትግርኛ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ቋንቋውን መስማት ለምጄ ነበር። ሌባ ቤቴ አላኖርም አሉት። ወደ አገሯ መልሳት።

አያትሽ ወጣና ጫማውን እያየ «ለፋሲካ ቤተሰቦችሽ ጋ ደርሰሽ ብትመጪ ምን ይመስልሻል?» አለኝ።

«መቼ ነው የምመለሰው?»

«እንግዲህ… አደይ ልባቸው ሲረጋ።»

«ምን አደረግኩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ መንገድ ላይ ነኝ።»

በዚያ ዘመን ደርሰሽ ነይ የተባለች ሙሽራ ስትመለስ አይቼ አላውቅም። እኔስ ምን ይዤ ነው የምሄደው? ሆዴንና የሌባ ስም። እናቴ ደጅ በዚያ ስም ልቆም ነው። ሆዴን ብነግረው ደግሞ ለመቅረት ብላ ነው ሊሉ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ልብሴን አጠብኩ፣ ለጉዞ።

ሓወልቲ በኩል ቡና ቤት የከፈተ ሰውዬ የአማቴ ደንበኛ ነበር። የጣሊያን ማሽን አለው። ለማሽን ጥቁር ነው የሚሻለው፤ ወተት ሲገባበት ቀዩ ይጠፋል፣ ውሃ ውሃ ይልሻል። ጥቁሩ ወተቱን ይችለዋል። ይህንን እኔም ብሆን አልክድም። እና ልሄድ ቀን ተቆርጦ ሳለ አንድ ጠዋት ይኸ ሰው ከረጢቱን ተሸክሞ በራችንን እየደበደበ ገባ።

«እማማ፣ ምንድን ነው የሸጡልኝ? ኑግና ገብስ?»

ሰፌዱ ላይ ዘረገፈው። የጠዋት ፀሐይ ነበረ፣ ቁልጭ ያለ። ግማሹ እኔ የቆላሁት ቀይ፣ ግማሹ የእሳቸው ጥቁር፤ ተደበላልቋል። ጓዳ ውስጥ ሁለቱ ጆንያዎች ጎን ለጎን ነበሩ፣ አማቴ ከሁለቱም እየጨለፉ ነው የሞሉለት። ቡና ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የከፋ ውርደት የለም። ሲፈጭ ጥቁሩ ይደቃል፣ ቀዩ ይጠነክራል፤ ሲወርድ ግማሹ ይመራል፣ ግማሹ ይኮመጥጣል። «ደንበኛ ሲኒውን ፊቴ ላይ አስቀምጦ ሄደ!» ይላል ሰውዬው።

አማቴ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ አነሡ። በጣታቸው አሹት። የጥቁሩ ዘይት ቀዩንም ቀብቶታል፣ እጅ አይለየውም። ወደ ፊታቸው አስጠጉትና «ምን ሆነ? ያው የኔ ጥቁር አይደለም እንዴ?» አሉ።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን አየ።

እኔ እስከዚያ ቀን አማቴን ዓይን ለዓይን አይቻቸው አላውቅም። ምራት አማቷን ቀና ብላ አታይም፤ ስታናግር መሬት ነው የምታየው፣ እንደዚያ ነው ያሳደጉን። ያን ጊዜ ግን ደንግጬ ቀና አልኩ። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነው። ብሌናቸው ላይ ውሃ የበዛበት ወተት የመሰለ ነገር ተጋርዷል። የሁለቱም።

«መልኩ ምን ሆነ?» ማለታቸው ወጥመድ አልነበረም፤ መጠየቃቸው ነበር። ግንቡን መዳበሳቸው ስለላ አልነበረም። የሚደብቁት ነገርስ ነበር፣ አልተሳሳትኩም። ገብስ ግን አልነበረም።

ሰውዬው «እማማ፣ ዓይንዎ…» ብሎ ጀመረ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «እኔ ነኝ ያደባለቅኩት። ጆንያው ተምታቶብኝ ነው። አደይ አያውቁም።»

ወዲያው ወደኔ ዞረ። «ይቺ ናት ሙሽራችሁ? ከገብስ ወፍጮ ነው እንዴ ያመጣችኋት?» አያትሽ ከቤት ወጣ፣ ፊቱ ቀልቷል። «አሁንስ አበዛሽው! ዕቃሽን አዘጋጂ፣ ዛሬውኑ ነው የምትሄጅው!» አለ። ጎረቤታችን በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋለች፤ ዘጠኝ ጆሮ አውጥታለች በያት።

አማቴ ጭብጣቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ቡናው በጣቶቻቸው መሃል እያመለጠ ሰፌዱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«አንተ ዝም በል» አሉት ልጃቸውን። ተናደው እያለ በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ እኔ እንድሰማ። «ከዚህ ቤት ማንም አይሄድም። አንተም ሰውዬ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ና፣ አዲስ ቆልተን እንሰጥሃለን። አሁን ሂዱልን።»

ሁለታችን ቀረን። «ምጣዱን ጣጂው» አሉኝ። ጣድኩ። ቀይ ለብቻ፣ ጥቁር ለብቻ ልንቆላ ነው። ዱካቸውን አስጠጉና ጭንቅላታቸውን ወደ ምጣዱ ዘንበል አደረጉ። ቡናው ቢጫ ሆነ፣ የገለባ ሽታ አመጣ፣ ቆይቶ ጧ አለ፣ ጧ፣ ጧ፣ እንደ ፈንዲሻ።

«ይኸ የመጀመሪያው ነው» አሉ። «ሲያልቅ ካወረድሽው ቀይ ነው፣ የናትሽ ቡና።» ቀዩን አወረድኩ። ሁለተኛውን ስንቆላ ፍንዳታው አልቆ ምጣዱ ዝም ሲል እጃቸውን አነሡ። «ይኸ ዝምታ ነው ክፉው። ድሮ እዚህ መሃል ላይ አወጣው ነበር፤ የቀላም ያልጠቆረም፣ ለባዶውም ለወተቱም የሚሆን። ግን እዚህ ላይ ድምፅ የለም። እዚህ ላይ…» አልጨረሱትም። ትንሽ ቆይቶ ምጣዱ እንደገና ጀመረው፤ አሁን ቀጭን ነው፣ ደረቅ ሣር ሲረገጥ እንደሚለው። ጭሱ ሰማያዊ ሆነ። «ሁለተኛው። ለማሽን እዚህ። ካለፈ ከሰል ነው።»

ሲበርድ ሰፈርኩላቸው። ጣታቸውን በጣሳው አፍ ዙሪያ አዞሩት። የጥቁሩን ኩባያ ዳበሱ፣ ሙሉ ነው። የቀዩን ዳበሱ፣ ግማሽ። አጠገባችን ማንም አልነበረም፤ በሩም አልጮኸም። እንደገና ዳበሱት።

«ለካ ጥቁሩ ነው ይበልጥ የሚያብጠው» አሉ። ኩባያውን አስቀመጡና ደግሞ፣ «ቡና መስፈር የጀመርኩት በቅርብ ነው። በደህናው ጊዜ ሰፍሬ አላውቅም ነበር። የሚያይ ሰው ምን ያሰፍረዋል?»

ይቅርታ አላሉኝም። አማት ምራቷን ይቅርታ አትጠይቅም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ማማሰያውን ሳጥብ ግን «በሩስ?» አሉኝ።

ምን ልበል? አንገቴን ደፋሁ። «ጭሱ ያስመልሰኛል» ስላቸው ገባቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሆዴን ፈልገው አገኙት። ገለባ የተለጠፈበት፣ የሞቀ እጅ። «እዋይ ጓለይ» አሉ። ሌላ አንድም ቃል የለም። ማታ ለአያትሽ የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ ስለ ሆዴ ብቻ።

ከዚያ በኋላ አብረን ነው የቆላነው። ሰው ሲመጣ አማቴ «ለወተት ነው ወይስ ለባዶ?» ይላሉ። ለወተት ካለ ሁለተኛውን ፍንዳታ ይጠብቃሉ፣ እሱን እኔ አላሻቸውም። ለባዶ ካለ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ዘፈን እንደሚያንጎራጉር ሰው አፌ ውስጥ «ቀረፋ… ቀረፋ… ለውዝ… ቀሚስዎ» እላለሁ፤ መልኩን መንገሬ ነው፣ ቡናማ ቀሚስ ነበረቻቸው። «አሁን አውርጂ፣ መልኩ ደርሷል» ብለው ጮክ ይላሉ፣ ሰው እንዲሰማ። ያ የመሃሉ ቡና ተመልሶ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ እሱን ወደደ። እኔም ብሆን፣ እንዳትነግሪብኝ እንጂ፣ ከናቴ ቀይ ይልቅ እሱን መርጫለሁ። ጣሳው ግን አልቀረም፤ እስከ መጨረሻው ይሰፍሩ ነበር። እኔም ጥሬው ሲመጣ ማዳበሪያውን ፈትቼ ማሽተቴን አልተውኩም። ተመሳሳይ ነበርን።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ዛሬ ያንን ግርዶሽ በአንድ ቀን ያነሡታል ይላሉ። «ሐኪም ካወቀ ከተማው አወቀ» አሉኝ። እሳቸውም አልታከሙም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አያትሽ እንኳ ያወቀው እናትሽ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው።

ያረፉት እናትሽ አንቺን ከመውለዷ በፊት ነው። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ያቺ ጎረቤታችን መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እሷም አርጅታለች፤ ስትቀመጥ አግዳሚውን በእጇ ፈልጋ ነው ያገኘችው። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ እንባዋን ጠረገችና እንዲህ አለችኝ፦

«ታድለዋል አደይ! ያን ሁሉ ዘመን በግንቡ ላይ ሳያቸው አንድ ቀን መልኩ ሲሳሳትባቸው አላየሁም። እኔ እኮ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆየ። ምን አለ ለኔም የሳቸውን ዓይን ቢሰጠኝ!»